ይህ ብር የማን ነው? ከባሕር ዳር ወጣቶች ጋር ስለ ዕዳ የተማርነው

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የእድር ቤት እሑድ እሑድ ከሰዓት ወጣቶችን ሰብስበን ስለ ገንዘብ አያያዝ ማስተማር ስንጀምር ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። የሚመጡት ባጃጅ ነጂዎች፣ የካፌ አስተናጋጆች፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገዝተው የሚቸረችሩ፣ ፔዳና ፖሊ ከሚባሉት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተመርቀው ገና ደመወዝ የቀመሱ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ሲመጡም ዕዳ ነበረባቸው። የባሰው ግን እኛው ያቋቋምንላቸው እቁብ መሃል ላይ ፈርሶ ተጨማሪ ዕዳ ያሸከማቸው ጊዜ ነው። በየሰፈሩም ሆነ በየቤቱ ከታናናሾቻችሁ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ የእኛን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት ምክር ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለን ጻፍን፤ «ከገቢያችሁ 10 በመቶ ቆጥቡ» አልን። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ባጃጅ ነጂ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ገቢ የምትሉት የትኛውን ነው? ለባለቤቱ የማስገባውን ነው ወይስ የሚተርፈኝን?» አለ። ለእኛ «ገቢ» ኪስ የሚገባ ብር ነው። ለእሱ ደግሞ ማታ ማታ ለባጃጁ ባለቤት የሚቆጥረው ሒሳብ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሁለት ቋንቋ ስናወራ ከርመናል ማለት ነው።

ያ ጥያቄ የትምህርቱን መልክ ቀየረው። ከዚያ በኋላ የመጣ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለ14 ቀን መጻፍ። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ይበቃል። ሦስት መደብ ይሰመርበታል፤ የገባ፣ የወጣ፣ የማን። ሦስተኛው መደብ ነው ዋናው። ባጃጅ ነጂው በቀን 1,500 ብር ሰብስቦ ቢገባ፣ 700ው የባለቤቱ፣ 400ው የነዳጅ፣ 50ው የዘይትና የጎማ ቢሆን፣ የእሱ 350 ናት። 1,500 በእጁ ይዞ ማታ ጓደኞቹን የሚጋብዝ ልጅ በ350 ብር አቅሙ አይደለም የሚጋብዘው፤ በባለቤቱ ብር ነው። በእነዚህ 14 ቀናት ውስጥ ማንንም አትምከሩ፣ «ይህን ለምን ገዛህ» አትበሉ። ከተገሠጸ መዋሸት ይጀምራል፤ የተዋሸበት ደብተር ደግሞ ከባዶ ደብተር ይብሳል። በስልክ ማመልከቻ ለማስጻፍም ሞክረን ነበር፤ ባትሪ አለቀ፣ ኔትወርክ የለም እየተባለ በአራት ቀን ቆመ። ወረቀት ይሻላል።

ከደብተሮቹ ውስጥ ብዙ ነገር ወጣ። ለምሳሌ የ25 ብር ካርድ። በወር 22 ቀን የ25 ብር ካርድ «ጻፉልኝ» እያለ ከሱቅ የሚወስድ ልጅ ወሩ ሲያልቅ 550 ብር ዱቤ አለበት። ሲጠየቅ ግን «ለካርድ ብዙም አላወጣም» ይላል፤ በእጁ ቆጥሮ ስላልከፈለ አልታወቀውም። ዱቤን ከልክሉ አላልንም፤ ከጎረቤት ሱቅ ጋር የሚኖር ሰው ዱቤ አይቀርለትም። ያልነው፣ ባለሱቁ በጻፈ ቁጥር ልጁም በራሱ ደብተር እዚያው ቆሞ ይጻፍ፤ ደግሞም በዱቤ የሚወሰደው የሚበላ ነገር ብቻ ይሁን ነው።

ሌላው የውርርድ ቲኬት ነው። ስድብና ስብከት እንደማይሠራ ስላየን ሒሳቡን ብቻ ሠራንላቸው። ስምንት ጨዋታ ያለበት ቲኬት ቆርጠህ እያንዳንዱን የመገመት ዕድልህ ግማሽ በግማሽ ቢሆን፣ ስምንቱም የሚሳካው ከ256 ቲኬት አንዱ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ጨዋታ ማባዣ 1.85 ቢሆን ግን የሚከፈልህ 137 እጥፍ ያህል ነው። በ20 ብር ቲኬት 256 ጊዜ ለመቁረጥ 5,120 ብር ታወጣለህ፤ አንዴ ሲሳካልህ 2,740 ብር ገደማ ትወስዳለህ። የተቃጠሉ ቲኬቶችን ለአንድ ወር ሳይጥሉ በፌስታል እንዲያጠራቅሙ ጠይቋቸው፤ ከዚህ በላይ ማውራት አያስፈልግም።

ዓሣ የሚቸረችሩት ደግሞ የገንዘብን ነገር ከማንም በላይ አስተምረውናል። አንዲት ልጅ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርዳ በ3,000 ብር ቆሮሶና አምባዛ ትገዛለች እንበል። እስከ ማታ በ3,700 ትሸጠዋለች። የትራንስፖርትና የበረዶ 200 ስታወጣ የሷ ትርፍ 500 ብር ነው። ማታ ግን መቀነቷ ውስጥ ያለው 3,500 ነው፤ ዓይኗም የሚያየው 3,500 ነው። ቤት ኪራይ ደረሰ፣ ዘመድ ታመመ፣ 1,500 ከዚያው ይነሳል። በማግስቱ በ2,000 ብር ሐይቁ ዳር ስትደርስ የጎደለውን 1,000 ከአሥጋሪው በዱቤ ትወስዳለች። በዱቤ የሚሰጥ ዓሣ ደግሞ በእጅ በእጅ ከሚሸጠው ይወደዳል። ስለዚህ ትርፏ ከ500 ወደ 400፣ ከ400 ወደ 300 ይወርዳል፤ ኪራዩ ግን አልወረደም፣ ስለዚህ ከመሥሪያ ብሯ ደግማ ትነካለች። ሥራዋን የሚያይ ሰው «ገበያዋ ሞቅ ያለ ነው» ይላል። እሷ ግን የራሷን ሥራ እየበላች ነው።

መፍትሔው ሁለት ቦርሳ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለበትም። አንዱ የመሥሪያ፣ አንዱ የቤት። ማታ ገና ቤት ሳይገባ፣ እዚያው መሸጫው ላይ 3,000ው ተቆጥሮ በመሥሪያው ቦርሳ ይታሰራል። የቀረው ብቻ ነው ቤት የሚገባው። ዓሣ ስለሚበላሽ አንዳንድ ቀን ዋጋው ከሰዓት በኋላ ይወድቅና የተሸጠው 2,900 ብቻ ይሆናል። በዚያ ቀን ለቤት ምንም የለም፤ ጉድለቱም ከነገው ትርፍ መጀመሪያ ይሞላል። ይህን ለሁለት ሳምንት ያለማቋረጥ ያደረገች ልጅ ከዱቤ ዓሣ ትወጣለች። ልማዱ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በበዓል ዋዜማ ነው፤ የመሥሪያው ቦርሳ ለዶሮ ይፈታል። ስለዚህ የበዓሉን ወጪ ከወር በፊት በትንሽ በትንሹ ከቤት ቦርሳ መለየት ይኖርባታል።

አሁን ወደ እቁቡ ልምጣ። 20 ወጣቶች ነበሩ፤ በሳምንት 300 ብር ይጥላሉ፣ እጣው 6,000 ነው። እስከ ስምንተኛው ሳምንት መልካም ነበር። በዘጠነኛው ከበሉት ስምንት ውስጥ ሦስቱ መጣል አቆሙ። የተሰበሰበው 5,100 ሆነ። ያልበሉት 12 ልጆች ይህን ሲያዩ እነሱም እጃቸውን ሰበሰቡ፤ እቁቡ ፈረሰ። እያንዳንዳቸው ስምንት ሳምንት የጣሉት 2,400 ብር ሌላ ሰው እጅ ላይ ቀረ። አንዷ ያንን እጣ ተማምና ከዘመድ ተበድራ ነበር።

ሦስቱ ልጆች ሌቦች አልነበሩም። የመጀመሪያው ስልክ ገዛበት፣ ሁለተኛው ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ አገር ቤት ሄዶ አወጣው፣ ሦስተኛው ለጓደኛው አበደረ። ችግሩ «ወጣልኝ» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ሎተሪ የደረሰው ሰው የሚለውም ያንኑ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሰሌዳው ላይ የጻፍነው ይህን ነበር፦ በ1ኛው ሳምንት የሚበላ ሰው ከ6,000ው የራሱ 300 ነው፣ 5,700ው የሌሎች ነው። በ10ኛው የሚበላ የራሱ 3,000፣ የሌሎች 3,000። በ20ኛው የሚበላ ሙሉውን የራሱን ነው የሚወስደው። ቀድሞ የበላ ተበድሯል፤ መጨረሻ የሚበላ ቆጥቧል። ሁለቱም በአንድ እቁብ፣ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ልዩነቱ አይታይም። ይህን ለመናገር ስምንት ሳምንት ዘግይተናል፤ ከመጀመሪያው እጣ በፊት ነበር ሰሌዳው ላይ መጻፍ የነበረበት።

ከዚያ በኋላ የመሠረትነው እቁብ ከ12 ሰው አይበልጥም። የሚጣለው ብር ከምግብና ከኪራይ በኋላ ከሚተርፈው ከሩብ እንዳያልፍ በ14 ቀኑ ደብተር ይታያል። በመጀመሪያዎቹ አራት እጣዎች የሚበላ ሰው ካልበሉት መካከል አንድ ዋስ ያቀርባል፤ ከእጣውም ሲሶው በእቁቡ ዳኛ እጅ ሳይሆን በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥና እቁቡ ሲያልቅ ይሰጠዋል። እጣ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም «ቢደርሰኝ ለዚህ ነው» ብሎ ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ቀላል ቢመስልም ከሁሉም በላይ ጠቅሟል። «የባጃጅ ጎማ» ብሎ በሰው ፊት የተናገረ ልጅ ሳምንቱን ስልክ ይዞ ለመምጣት ያፍራል። አስቸኳይ ችግር ያለበት ካለ ተራ መለዋወጥ ይፈቀዳል፤ ተራን በትርፍ መሸጥ ግን ከለከልን፣ ምክንያቱም እሱም ወለድ ነው።

ስለ ስልክ ብድር ብዙ ይጠየቃል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉት አገልግሎቶቹ ያለ መያዣ ብድር ወጣቱ ኪስ ድረስ አምጥተዋል። ብድሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዓሣ ቸርቻሪዋ 1,000 ብር ከአሥጋሪው በዱቤ ከመውሰድ በስልክ ብትበደር የሚረክስበት ጊዜ አለ። የሚያሳስተው የክፍያው መጠሪያ ነው። «የአገልግሎት ክፍያ» ሲባል ወለድ አይመስልም። በምሳሌ፣ 1,000 ብር ወስዶ በ7 ቀን ውስጥ 1,030 የሚመልስ ሰው 30 ብር ትንሽ ናት ይላል። ያንኑ ብድር በየሳምንቱ እየመለሰ መልሶ የሚወስድ ከሆነ ግን በዓመት 1,560 ብር ይከፍላል፤ ከተበደረው ከራሱ ይበልጣል። ለወጣቶቹ የምንሰጠው መለኪያ አንድ ነው፤ የስልክ ብድር ከመውሰድህ በፊት የምትመልስበት ብር ከማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ጻፍ። «ደመወዝ ሲወጣ» በቂ አይደለም፤ ደመወዙ ሲወጣ የማን እንደሆነ ደብተሩ ላይ ታይቷል።

ከብድርና ቁጠባ ተቋም ወይም ከባንክ የሚበደር ካለ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይፈርም፦ ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ዋና ብር ላይ ነው ወይስ በቀረው ዕዳ ላይ? 12,000 ብር በ15 በመቶ ለ12 ወር ቢበደር፣ እስከ መጨረሻው በዋናው ላይ ከታሰበ ወለዱ 1,800 ነው። በየወሩ 1,000 ከዋናው እየከፈለ በቀሪው ላይ ብቻ ከታሰበ 975 ነው። መቶኛው አንድ ነው፣ የሚከፈለው ግን እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው።

አራጣ ላይ ሲደርስ ቤቱ ጸጥ ይላል። «በአሥር ነው የወሰድኩት» ይላል ልጁ፤ በወር መሆኑን አይጨምርም። በወር 10 በመቶ በዓመት 120 ነው። ሳይከፈል ወለዱ ወለድ እየወለደ ከሄደ 5,000 ብር በ12 ወር ከ15,600 ያልፋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2479 ግለሰቦች ሲበዳደሩ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 የሰውን ችግር ወይም አለማወቅ ተጠቅሞ በአራጣ ማበደርን ወንጀል አድርጎታል። አበዳሪው ይህን ያውቃል። ስለዚህ 5,000 ሰጥቶ 8,000 ተበድሬአለሁ ብለህ እንድትፈርም ያደርጋል፤ ወረቀቱ ላይ ወለድ የሚባል ቃል የለም። ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ መፈረም፣ ወይም ከተቀበሉት ብር በላይ መፈረም ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ማስረዳት የልጁ ሸክም ይሆናል።

ዋስትናም አለ። በዕድሜ አቻ ዘንድ «እምቢ» ማለት ነውር ስለሆነ ብዙዎች ሳያነቡ ይፈርማሉ። «ለምስክርነት ብቻ ነው» ተብሎ ዋስ የሆነ ልጅ አጋጥሞናል። ሕጉ ለዋስ አንድ መከላከያ ሰጥቶታል፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተገለጸ አይጸናም። ስለዚህ ዋስ መሆን ግድ ከሆነ ጣሪያውን በአኃዝና በፊደል አስጽፉ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ እናንተ ዘንድ መምጣት ይችላል። ለወጣቶቹ የሰጠናቸው መልስ አጭር ነው፦ «ዋስ አልሆንም፣ ግን 300 ብር እሰጥሃለሁ።» ከጓደኝነቱ ምንም አይጎድልም፤ ኪሳራውም የታወቀ ነው።

ደመወዝተኞቹ ላይ የታየው ችግር ሌላ ነው፤ ጳጉሜን። ዓመቱ 13 ወር ነው፣ ደመወዙ 12። የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም ማብቂያ 35 ቀን መድረስ አለበት፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 36። ያውም በዓመት ውስጥ ወጪ በሚበዛበት ሰሞን፤ እንቁጣጣሽ፣ የታናሽ ዩኒፎርምና ደብተር፣ መስቀል። ከደብተሮቹ እንዳየነው ብዙው የደመወዝተኛ ብድር የሚጀመረው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መካከል ነው። በቀን 200 ብር የሚያወጣ ቤት ለጳጉሜን አምስት ቀን 1,000 ብር ያስፈልገዋል። ከመስከረም እስከ ሐምሌ በየወሩ 91 ብር ቢለይ ይሞላል። ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ 91 ብር ትንሽ ናትና። «ባንክ 7 በመቶ ወለድ ቢሰጥ ኑሮ ውድነቱ ይበላዋል፣ ለምን እቆጥባለሁ?» የሚልም አይጠፋም። ስለ ውድነቱ ልክ ነው። ነገር ግን ያ 1,000 ብር የሚቀመጠው 7 በመቶ ሊያተርፍ አይደለም፤ መስከረም ላይ የ120 በመቶ ብድር እንዳይወሰድ ነው።

ዕዳ ውስጥ ያለ ልጅ ወደ እናንተ ሲመጣ መጀመሪያ ዕዳውን ሁሉ በአንድ ገጽ አስጽፉት፤ ለማን፣ ስንት፣ በወር ምን ያህል እንደሚያስከፍለው። አራጣ 3,000 በወር 10 በመቶ፣ ዱቤ 900፣ ጓደኛ 2,000 ይሁን። በወር የሚተርፈው 1,200 ብር ነው። ሁሉም ለሦስቱም እኩል ማካፈል ይፈልጋል፤ ስህተት ነው። ለባለሱቋ በወር 200 ይሰጣል፣ በሩ እንዳይዘጋበት። ለጓደኛው ቁርጥ ያለ ቀን ይነገረዋል፤ የሚያስቀይመው መዘግየቱ ሳይሆን መደበቁ ነው። 1,000ው ለአራጣው ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር 300 ለወለድ፣ 700 ከዋናው፤ ቀሪው 2,300። ከዚያ 1,530፣ ከዚያ 683፣ በአራተኛው ወር በ751 ብር ያልቃል። የዱቤው ቀሪና የጓደኛው ብር በስድስተኛው ወር ይጠናቀቃል። ወለዱን 300 ብር ብቻ እየከፈለ ቢቆይ ኖሮ በአራተኛው ወር 1,200 ከፍሎ 3,000ው እንዳለ ነው። ዋናውን በክፍልፋይ አልቀበልም የሚል አበዳሪ ካለ፣ 700ው በየወሩ ልጁ የኤቲኤም ካርድ ባላወጣበት የባንክ ሒሳብ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል።

ክፍያው ሁሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢያልፍ ማስረጃ ይሆናል፤ በእጅ ከሆነ ፊርማ ያለበት ደረሰኝ ይያዝ። የመጨረሻው ብር የሚከፈለው የተፈረመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ወረቀቱ ጠፍቷል የሚል አበዳሪ ካለ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» ብሎ ቀን ጽፎ፣ በሁለት ምስክር ፊት ይፈርም። ሱቅ ላይም እንዲሁ ነው፤ «እትዬ፣ ገጹን አንድ ጊዜ ያሳዩኝ» ብሎ ስሙ ያለበት መስመር ሲሰረዝ እዚያው ቆሞ ማየት፣ በራሱ ደብተር ላይም ያንኑ መስመር መሰረዝ።